ግቢ የሌለው ሰው መኪናውን የት ቻርጅ ያድርግ?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና በጋዜጣችሁም ሆነ በሌሎች መገናኛ ብዙኃን የሚወጣው ጽሑፍ በአብዛኛው ስለ መኪናው ስለ ራሱ ነው፤ ስንት ብር እንደሚሸጥ፣ ምን ያህል ቀረጥ እንደተነሣለት፣ በአንድ ሙሌት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ። መኪናው ከተገዛ በኋላ በየሳምንቱ የሚገጥመን ጥያቄ፣ ማለትም ባትሪውን የት፣ በስንት ብርና ስንት ሰዓት ጠብቀን እንደምንሞላው፣ ያን ያህል ሲነሣ አላይም። በተለይ የራሱ ግቢ የሌለው፣ በኮንዶሚኒየም ወይም በኪራይ ቤት የሚኖረው የከተማችን ነዋሪ በዚህ ረገድ ያለበትን ችግር የሚናገርለት አላገኘም። ደብዳቤውን የጻፍሁት በዚህ ምክንያት ስለሆነ ቦታ እንድትሰጡት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

እኔ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ መምህር ነኝ። የምኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ በሚገኝ የኮንዶሚኒየም መንደር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከባለቤቴ ጋር ለዓመታት ባጠራቀምነው ገንዘብ ላይ የዕቁብ ዕጣችንን ጨምረን፣ የጎደለውን ከዘመድ ተበድረን አነስ ያለች የቻይና ሥሪት የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛን ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘናል። በመኪናዋ ቅሬታ የለኝም። ዘይት አትቀይርም፣ ጭስ የላትም፣ ለቤንዚን ሰልፍ ሌሊቱን መንገድ ዳር ከማደር ገላግላናለች።

መንግሥት እንድንገዛ አበረታታን ብቻ ብሎ ማለፍ ጉዳዩን ያሳንሰዋል። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ (ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ከሚጣል ተጨማሪ ግብር) ነጻ አደረገ፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥመው ለሚገቡት 5 በመቶ ሆነ፣ ተበታትነው ገብተው አገር ውስጥ ለሚገጣጠሙት ደግሞ ጨርሶ ተነሣ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። እንግዲህ አዲስ የቤት መኪና ልግዛ የሚል ሰው የቀረው ምርጫ አንድ ነው ማለት ይቻላል። የምርጫው በር በአንድ በኩል ከተዘጋ፣ በቀረው በር የሚገባው ሰው ሁሉ፣ ቪላ ያለውም የሌለውም፣ የሚሰካበት ቦታ ሊታሰብለት ይገባ ነበር።

ግቢ ያለው ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ማታ መኪናውን በሩ ላይ ያቆማል፣ ከቤቱ ቆጣሪ መስመር ይስባል፣ ተኝቶ ሲነሣ ባትሪው ሞልቶ ያገኘዋል። የሚከፍለውም የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ግን ቆጣሪው ያለው ፎቅ ላይ ከምንኖርበት ክፍል ጋር፣ መኪናው የሚያድረው ደግሞ ታች የጋራ ማቆሚያው ላይ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሜትር ተለክቶ የሚያልቅ ቢመስልም በሕግም በአሠራርም የሚሻገሩት አልሆነም።

ባለፈው ክረምት በእኛ ብሎክ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ጎረቤታችን የራይድ ሥራ የሚሠራ ወጣት ነው። ከሁለተኛ ፎቅ መስኮቱ ኤክስቴንሽን አውርዶ ሌሊት ሌሊት መኪናውን ቻርጅ ማድረግ ጀመረ። አንድ ምሽት በነሐሴ ዝናብ መሀል ስገባ ገመዱ በግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ማያያዣው በፌስታል ተጠቅልሎ ውኃ በቋጠረ ኮብልስቶን ላይ ተጋድሞ አየሁት። ሙያዬ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም። ወደ ላይ ወጥቼ አስነቅዬው ሶኬቱን በእጄ ስይዘው እንደ ጀበና ይፋጃል፤ የገመዱ ልባስ ከሶኬቱ አጠገብ ለስልሶ ጣቴ ምልክት ይተውበት ነበር። ወጣቱ ግራ ተጋብቶ “መምህር፣ ምጣድስ በዚሁ ገመድ እንሰካ የለም እንዴ?” አለኝ። እውነቱን ነው፤ መኪናው በዝግታ ሲሞላ የሚስበው ኃይል ከአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚበልጥ አይደለም፣ ሁለቱም ወደ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ናቸው። ልዩነቱ ምጣዱ እንጀራው እስኪያልቅ አንድና ሁለት ሰዓት ሠርቶ ሲነቀል፣ መኪናው ያንኑ ጭነት ስምንትና አሥር ሰዓት ሳያቋርጥ መሳቡ ነው። ቀጭን ገመድ ያንን አይችልም።

በማግስቱ የብሎኩ ኮሚቴ ከመስኮት ገመድ ማውረድን ከለከለ። ክልከላውን ደግፌ ፈርሜያለሁ፤ ዛሬም ቢሆን ልክ ነበር እላለሁ። ነገር ግን ያ ወጣት ከዚያን ቀን ጀምሮ በየሌሊቱ ወደ ሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ መሄድ ግድ ሆነበት። እኔም ከእርሱ ጋር እዚያው ሰልፍ ላይ እገናኛለሁ።

ስለ ዋጋው ስናገር መነሻዬ መኪናዋ ከገባች ጀምሮ የምይዘው ማስታወሻ ደብተር ነው። በወር 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል እነዳለሁ፤ መኪናዋ በ100 ኪሎ ሜትር በአማካይ 15 ኪሎዋት ሰዓት (የቤት ቆጣሪ ፍጆታችንን የሚቆጥርበት መለኪያ ነው) ትበላለች፤ በመሙላት ሂደት የሚባክነውን ጨምሮ ከመስመር የሚወጣው በወር ወደ 200 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። ይህ መጠን የታሪፍ ማሻሻያው ከመስከረም 2017 ዓ.ም. በየሦስት ወሩ መጨመር ከመጀመሩ በፊት በነበረው የመኖሪያ ቤት ታሪፍ፣ ያውም በመጨረሻው እርከን በ2 ብር ከ48 ሳንቲም ቢሰላ፣ 496 ብር ነበር። ዛሬ ታሪፉ ከዚያ ከፍ ብሏል፤ ቢሆንም በቤት ቆጣሪ መሙላት ከየትኛውም አማራጭ የረከሰ እንደሆነ ቀጥሏል። በሕዝብ ጣቢያ ላይ በኪሎዋት ሰዓት 10 ብር ይከፈላል ብለን ብናሰላ፣ ያው መጠን 2,000 ብር ይሆናል። በአንድ መንደር፣ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የምንኖር ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ግቢ ስላለው ሌላው ስለሌለው ብቻ፣ ከአንድ ግድብ ለመጣ ኤሌክትሪክ ይህን ያህል የተራራቀ ሒሳብ እንከፍላለን።

ቤንዚን ከሚያወጣው ጋር ሲተያይ ይህም ቢሆን ትንሽ ነው የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ትክክልም ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር የምትጠጣ መኪና ለ1,200 ኪሎ ሜትር 84 ሊትር ትፈልጋለች፣ የቤንዚን የሊትር ዋጋ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. 100 ብርን ከተሻገረ ቆይቷል። ማነጻጸሪያው ግን ቤንዚን ሆኖ መቅረቱ አይገባኝም። ሁላችንም ወደ ኤሌክትሪክ ከገባን በኋላ መነጻጸር ያለብን እርስ በርሳችን ነው።

ከብሩ ይልቅ የሚከብደው ጊዜው ነው። በአንድ ጊዜ 25 ኪሎዋት ሰዓት ብሞላ በወር ስምንት ጊዜ ጣቢያ መሄድ አለብኝ፤ ወረፋውንና መሙያውን ደምሬ በደብተሬ ላይ ያለው አማካይ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ነው። በወር ወደ አሥራ አምስት ሰዓት፣ አብዛኛው በሌሊት። እኔ ደመወዝተኛ ስለሆንሁ የማጣው ዕረፍቴን ነው። የራይድ ሹፌሩ የሚያጣው ግን የልጆቹን ዳቦ ነው።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ሐሙስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በደረስሁበት ጣቢያ አራት ቻርጀሮች ቆመው ነበር። በአንዱ ላይ “አይሠራም” የሚል ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል፤ ወረቀቱ በፀሐይ ስለወየበ የለጠፉት ከሳምንታት በፊት እንደሆነ ያስታውቃል። ሌላው ይሠራል፣ ግን የመሰኪያው ዓይነት ለአውሮፓ ገበያ ለተሠሩ መኪናዎች የሚሆነው ሲሲኤስ 2 ነው፤ እኔና ከፊቴ ያሉት ስድስት መኪናዎች ሁላችን የምንጠቀመው የቻይናውን ጂቢ/ቲ መሰኪያ ነው። የቀሩት ሁለቱ ላይ ተሰለፍን። ተራዬ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ደረሰና ሰካሁ፤ ስክሪኑ የሚሞላበትን ፍጥነት 58 ኪሎዋት ብሎ አሳየኝ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከአጠገቤ ያለውን የዚያኑ ማሽን ሁለተኛ መሰኪያ አንድ ሚኒባስ ሰካበት፤ የእኔ ቁጥር ወዲያው ወደ 29 ወረደ። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ብዙ ቻርጀሮች ሁለት መኪና ሲሰካባቸው ያላቸውን ኃይል ለሁለት እንዲያካፍሉ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ቅር ያሰኘኝ የመጣው ሒሳቡ ላይ ነው። በዚያ ጣቢያ የሚከፈለው በሰዓት ነበር። ስለዚህ ሚኒባሱ በመሰካቱ ምክንያት የእኔ ባትሪ በዝግታ ሞላ፤ በዝግታ በመሙላቱ ደግሞ ለዚያው ኤሌክትሪክ እጥፍ ያህል ከፈልሁ። ሠራተኛውን ሳስረዳው “ጋሼ፣ እኔ የታዘዝሁትን ነው” አለኝ፤ እርሱ ላይ መቆጣት ተገቢ ስላልሆነ በቴሌብር ከፍዬ ወጣሁ። ከመግቢያው እስከ መውጫው የዋጋ ሰሌዳ ፈልጌ አንድም አላገኘሁም።

በሰዓት ማስከፈል ለሙያው ሰው ዓይን ከመሠረቱ የተዛባ ነው። ባትሪ እንደ ጄሪካን በአንድ ፍጥነት አይሞላም። ከግማሽ በታች ሲሆን ኃይል በደንብ ይቀበላል፤ 80 በመቶን ሲያልፍ ራሱን ለመጠበቅ የሚቀበለውን እየቀነሰ ይሄዳል፣ የመጨረሻዋ 20 በመቶ ከዚያ በፊት የነበረውን ያህል ጊዜ ልትወስድ ትችላለች። ደግሞም መኪናው የሚቀበለው የኃይል ልክ በአሠራሩ የተወሰነ ነው፤ ርካሹና ትንሹ መኪና በዝግታ፣ ውዱ በፍጥነት ይሞላል። ስለዚህ በሰዓት በሚያስከፍል ጣቢያ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ብዙ የሚከፍለው አቅሙ ያነሰው ሰው ነው። ቤንዚን ማደያ ላይ ቧንቧው ቢቀጥንም ቢወፍርም የምንከፍለው በሊትር እንደሆነ ሁሉ፣ እዚህም በቆጣሪ በተለካ ኪሎዋት ሰዓት መሆን አለበት። መኪናው ሞልቶ ሳለ ባለቤቱ ጥሎት ሄዶ ቦታ ቢይዝ፣ ለዚያ ለብቻው የመቆያ ክፍያ ቢጠየቅ አልቃወምም፤ ተገቢም ነው።

በጣቢያ ባለቤቶች ላይ ብቻ መጮኽ ፍትሐዊ እንዳልሆነ እገነዘባለሁ። ፈጣን ቻርጀር በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው፣ ብሩም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዋጋው ምን ያህል እንደወረደ እናውቃለን። የራሱ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፣ ቦታ ኪራይ ይጠይቃል፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ ይፈታል። ስለዚህ በሕዝብ ጣቢያ ያለው ዋጋ ከቤቱ ከፍ ቢል አይገርመኝም። ለቸኮለ ሰው፣ ለመንገደኛ፣ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሹፌር አገልግሎቱ ዋጋ አለው። በየሌሊቱ አሥር ሰዓት ሙሉ ሥራ ፈታ የምትቆም የቤት መኪና ግን ፈጣን ቻርጀር ላይ ምን አመጣት? የመጣችው ሌላ መሄጃ ስላጣች ነው፤ ስትመጣ ደግሞ ያ ፈጣን ቻርጀር በእውነት የሚያስፈልገውን ሰው ወረፋ ታረዝማለች።

ከከተማ መውጣትን በተመለከተ በአጭሩ አንድ ነገር ልበል። የእኛ አገር መልክዓ ምድር ለኤሌክትሪክ መኪና የተለየ ስሌት ይፈልጋል። በፍጥነት መንገዱ አዳማ ስሄድ ከቤቴ እስከ መድረሻዬ 11 ኪሎዋት ሰዓት ያህል እጨርሳለሁ፣ በዚያው መንገድ ስመለስ 19፤ አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ዳገቱ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ከዚያ ከፊሉን ይመልሳል። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ ሰው ደግሞ ከዓባይ ድልድይ በኋላ ከ1,400 ሜትር የሚበልጥ ዳገት አለበት፣ ለዚያ ብቻ ወደ 7 ኪሎዋት ሰዓት መያዝ ይኖርበታል። ጣቢያዎች በየስንት ኪሎ ሜትሩ ይተከሉ ሲባል በካርታ ላይ ያለው ርቀት ብቻ ከታየ ከዳገቱ በፊት የሚቆም መኪና ይበዛል። ይህን ለባለሙያዎቹ ትቼ ወደ መንደራችን ልመለስ።

የእኛ ብሎክ ኮሚቴ ባለፈው ኅዳር ተሰብስቦ የተስማማበትን ሐሳብ ለአንባቢ ላቅርብ፤ የሌሎች ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎችም ጥያቄ እንደሆነ ስለማምን ነው። በማቆሚያችን ሰሜናዊ አጥር ሥር አሥራ ሁለት መኪና የሚያቆም ቦታ አለ። ከዚያ እስከ ትራንስፎርመሩ ያለው ርቀት አርባ ሜትር አይሞላም። የጠየቅነው በማኅበሩ ስም አንድ ዋና ቆጣሪ እንዲገባልን፣ ከእርሱ ሥር ለየመኪናው አነስተኛ ንዑስ ቆጣሪ እንድናስር እንዲፈቀድልንና ክፍያው በመኖሪያ ቤት ታሪፍ እንዲሆን ነው። ኬብሉን፣ ብሬከሩን፣ የመሬት ማስገቢያ ዘንጉንና የዝናብ መከለያውን እኛው አዋጥተን እንገዛለን፤ ሥራውን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሠራዋል፤ እኔም በነጻ እቆጣጠራለሁ ብያለሁ። የኮንዶሚኒየም አዋጁ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያ ቦታን የማስተዳደር ኃላፊነት ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ስለሰጠ፣ ቦታውን በተመለከተ የሚያጨቃጭቅ ነገር የለም።

በሄድንበት ቢሮ ግን በሥርዓት ብንስተናገድም መልስ አላገኘንም። አንዱ ጠረጴዛ “ይህ ንግድ ስለሆነ በንግድ ታሪፍ ነው የምትጠየቁት” አለን። ሌላው “ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ለመክፈት ፈቃድ አምጡ” አለን። ሦስተኛው ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ የተዘጋጀ ቅጽ እንደሌለ በቅንነት ነገረን። እኛ የምንሸጠው ነገር የለም። አሥራ ሁለት አባወራዎች ለየራሳችን የምንጠቀምበትን መብራት ከፎቅ ወደ ምድር እናውርድ ነው ያልነው።

ትራንስፎርመሩ አይችልም የሚል ሥጋት ሊነሣ ይችላል፤ መነሣትም አለበት። በእኛ ትራንስፎርመር ላይ የተጻፈው የመሸከም አቅም 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ነው። አሥራ ሁለት መኪናዎች በዝግታ፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ምጣድ ልክ ቢሞሉ ድምሩ 42 ኪሎዋት ነው፤ ከአቅሙ ሰባተኛው እጅ ግድም። ቅዳሜ ማለዳ የስንት ቤት ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደሚሰካ የሚያውቅ ሰው ይህ ጭነት እንደማያስደነግጥ ይረዳዋል። ምሽቱን ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ መንደሩ እራት ስለሚያበስልና መብራት ስለሚያበራ ቮልቴጁ ሲወርድ አያለሁ፤ ሰባራ ሳንቲም የማታህል ሰዓት ቆጣሪ ማብሪያ ገጥመን መኪናዎቹ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ብቻ እንዲሞሉ ማድረግ ይቻላል። ከዚያ ሰዓት እስከ ንጋት መስመሩ ባዶ ይሆናል። እንዲያውም ለሌሊቱ ሰዓት ቅናሽ ያለው የተለየ ታሪፍ ቢወጣ፣ ባለ ግቢዎቹም ጭምር ወደዚያ ሰዓት በፈቃዳቸው ይሄዱ ነበር፤ አገሪቱ ሌሊት የምታመነጨው ኃይልም ሥራ ያገኝ ነበር።

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ እንባዬን መቆጣጠር አልቻልሁም። እንደ ብዙው መምህር እኔም በ2003 ዓ.ም. መሠረቱ ከተጣለ ወዲህ የወር ደመወዜን ሰጥቻለሁ፣ ቦንድ ገዝቻለሁ፤ ከላይ ያነሣሁት የራይድ ሹፌር እናትም ጉሊት ቸርቻሪ ሆነው ሳለ ቦንድ እንደገዙ ልጃቸው አጫውቶኛል። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ አለን ስንባል ደስታችን የጋራ ነበር። የእኒያ እናት ልጅ ዛሬም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጣቢያ ሰልፍ ውስጥ መሪው ላይ ተደፍቶ ሲያንቀላፋ አገኘዋለሁ፤ ንጋት ላይ ደንበኛ ይዞ ቦሌ የሚበረው ደግሞ ያንኑ እንቅልፍ ያጣ ዓይኑን ይዞ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጋዜጣ አማካይነት ለሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት ሁለት ጥያቄ አቀርባለሁ። የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ለኮንዶሚኒየም የጋራ ማቆሚያ የሚሆን ቆጣሪ በመኖሪያ ቤት ታሪፍ ያስገባል ወይስ አያስገባም? ካላስገባ ምክንያቱ ምንድን ነው? እንዲሁም ጣቢያዎችን የሚቆጣጠረው አካል ክፍያ በኪሎዋት ሰዓት ብቻ እንዲሆንና ዋጋው መግቢያው ላይ በጉልህ እንዲለጠፍ መቼ ያስገድዳል? የማኅበራችን ማመልከቻ ከነፕላኑ ተዘጋጅቶ በእጃችን ይገኛል፤ የምናስገባበትን መስኮት የሚነግረን ካገኘን በማግስቱ ይዘን እንቀርባለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የኮንዶሚኒየም ነዋሪና የኤሌክትሪክ መምህር
ከአዲስ አበባ